ስፒከርህ እና የእማዬ ዝምታ

ይድረስ ለወንድሜ ለነጋሳ ዋቅቶላ፣
በርገን፣ ኖርዌይ

ከተለያየን ወዲህ ጤናህ እንዴት ነው? ሄኒስ እንዴት ናት፣ ወገቧን ተሻላት ወይ? ነህምያና ኤልሮኢ ትምህርቱን እንዴት ያዙት? እዚያ ያለው ጨለማና ብርድስ ገና ከአሁኑ ጀመራችሁ? እኛ በጌታ ቸርነት በሕይወት አለን። የጭላሎ ነፋስ እንደ ልማዱ ጠዋት ጠዋት ጣት ይቆርጣል፤ ገብሱ ዘንድሮ ደህና ስለያዘ ገበሬው ፊቱ ፈታ ብሏል። ባለቤቴ ብሩህ ሥራውን እየሠራ ነው። ፈናን ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፤ ቁመቷ እኔን አልፎ ሄዷል፣ ብታያት የእኔ ልጅ ናት ብለህ አታምንም። ሰላምታውን እዚህ ላይ ልግታው፤ ተናድጃለሁ፣ ተናድጄ ደግሞ ረጅም ሰላምታ አይሆንልኝም።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም ትል ይሆናል። በስልክ አንተን ማን ይችልሃል? ሰው ገና አፉን ሲከፍት «ቆይ ቆይ ተስፊ፣ ላስረዳሽ» ትላለህ። ማስረዳትህ ሰልችቶኛል። ወረቀት ላይ አታቋርጠኝም። ብሩህ ደብዳቤውን ፎቶ አንስቼ ልላክለት ቢለኝ እምቢ ያልኩት ለዚሁ ነው፤ በስልክ የመጣልህን በአውራ ጣትህ ገፋ አድርገህ ታልፈዋለህ። የሚስትህ የሄኒ እህት ወደ እናንተ ስለምትመጣ በእጇ ልኬዋለሁ። ቁጭ ብለህ አንብበው።

የእማዬ ጓደኛ እትዬ ማሚቱ ማረፋቸውን ሰምተሃል። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለህ ከአበባ ሥዕል ጋር ልከሃል፤ ደርሶናል። እንዴት ሆነው እንዳረፉ ግን የነገረህ የለም። እማዬ አትነግርህም፤ አንተ እንዳይከፋህ ብላ ነው የምትደብቀው። እኔ ግን እንዲከፋህ ስለምፈልግ ከመጀመሪያው ልጀምርልህ።

አባዬ የሠራቸውን ሁለቱን የጥድ ሳጥኖች መቼም አልረሳሃቸውም። ከሰው አልጋና ቁምሳጥን የተረፈውን ጣውላ አጠራቅሞ፣ ከተበላሸ ሬዲዮ የተፈታ ስፒከር ገጥሞባቸው፣ ለእማዬ ካሴት ብሎ ያበጃቸው ናቸው። አንተ ግን አምና በቪዲዮ ስንነጋገር ድምፃቸውን ከጀርባ ሰማህና ፊትህን አጨማደድክ። ወፍራሙ ድምፅ ያበጠ ነው፣ ቀጭኑን ይውጡታል፣ ሁሉን ነገር ማር ይቀቡታል አልክ። ሲሰማ ግን ደስ ይላል ብልህ፣ ደስ ማለት መለኪያ አይሆንም አልከኝ። ጥሩ ስፒከር ማለት ከራሱ ምንም የማይጨምር፣ ምንም የማይቀንስ፣ የተቀዳውን እንዳለ የሚያቀርብ ነው፤ ሰው ለዛ የሚለው ነገር ሳጥኑ የሚጨምረው ውሸት ነው ብለህ ረጅም ትምህርት ሰጠኸኝ። እኔ ራሴ አስተማሪ ስለሆንኩ ሌላው ሲያስተምር አላቋርጥም። ያን ቀን ባቋርጥህ ኖሮ ይሻል ነበር።

ከዚያ ስፒከሮቹን ላክህ። አልዋሽም፣ እማዬ በደስታ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ አሳይታለች። ልጄ ላከልኝ እያለች ጥቁሩን ሳጥን በነጠላዋ ጫፍ ስትወለውል ነው የዋለችው። አንተ ግን በቪዲዮ ገብተህ ቤታችንን ገለበጥከው። ብሩህ ሜትር ይዞ ከግድግዳው ሲለካ፣ ቡፌው ድምፅ ይመልሳል ተብሎ ወደ ጓዳ ሲገፋ፣ ምንጣፉ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ዋለ። የእማዬ ወንበር ከመስኮቱ ሥር ተነስቶ ሳሎኑ መሃል ቆመ፤ ፀጉሯን ልትቆረጥ የተቀመጠች ነው የምትመስለው። በስልኩ የድምፁን ልክ የሚያሳየውን ግራፍ አሳይተህ፣ አሁን መስመሩ ቀጥ አለ ብለህ ደስ አለህ። እማዬ ከመስኮቱ ሥር ሆና መንገደኛውን ሰላም እያለች መስማት እንደምትወድ ግራፉ ላይ አልነበረም።

የአባዬን ሳጥኖች ሀይሉ ይውሰዳቸው ያልከውም አንተ ነህ። ቤት ውስጥ ከቆዩ መልሳችሁ ትሰኳቸዋላችሁ ብለህ ፈራህ። የአክስታችን ልጅ እንደሆነ ታውቀዋለህ፣ ውሰድ ከተባለ ሁለተኛ አያስነግርም። ስፒከሩን ፈትቶ ባጃጁ ላይ ገጠመው፤ ሳጥኖቹን ደጁ ላይ ጥሏቸው የዶሮ ጎጆ ሆነዋል። ልመልሳቸው ብዬ ሄጄ ነበር። በአንዱ ውስጥ ዶሮ ታቅፋ አገኘኋትና ተበሳጭቼ ተመለስኩ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ቅዳሜ ከሰዓት መዘምራን እኛ ቤት እንደሚመጡ ታውቃለህ። የድሮዎቹ መዝሙሮች ኖታ የላቸውም፤ ያሉት ካሴቱ ላይና እማዬ ጉሮሮ ውስጥ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ካሴቱን ይሰማሉ፣ ቀጥሎ እማዬ ስንኝ በስንኝ ታስይዛቸዋለች። አሁን ካሴቱ ወደ ፍላሽ ተገልብጧል እንጂ ልማዱ ያው ነው። ያን ቅዳሜ በጥር ወር ለሚደረገው ኮንፈረንስ የሚያጠኑት ያችን መዝሙር ነበር፤ በደርግ ጊዜ ቤተክርስቲያኑ ተዘግቶ በየቤቱ በድብቅ ሲጸለይ እማዬና እትዬ ማሚቱ ሁለቱ ሆነው ያወጧትን፣ ግማሿ በኦሮምኛ ግማሿ በአማርኛ የሆነችውን። ካሴቱ የተቀዳው ቤተክርስቲያኑ እንደተከፈተ ነው፣ ሁለቱ ከፊት ቆመው፣ ሰው ሁሉ እያለቀሰ። አንተም በቪዲዮ ነበርክ፤ ስልኩን ብርጭቆ ላይ አስደግፈንህ ስፒከሩ ሲሠራ ልታይ። ስልኩ ወደ ልጆቹ ዞሮ ስለነበር እማዬን አላየሃትም። እኔ ያየሁትን ልንገርህ።

ስፒከርህ ጥሩ ነው፣ አልክድም። አግዳሚው ሲንቋቋ ይሰማል። ከኋላ ሕፃን ሲነጫነጭ፣ ሰው ሲያስል፣ ከበሮ የሚመታው ሰው ቀለበቱ ቆዳውን ሲነካ ይሰማል። የእማዬ ትንፋሽ ማጠር ይሰማል፤ ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲሰነጠቅ ይሰማል። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ደግሞ ዜማው ወደ ላይ ሊወጣ ሲል መልሶ የሚወርድባት ቦታ አለች፤ በአባዬ ሳጥን ሐዘን ሆና ነበር የምትሰማን፣ ሁሌም እዚያ ስትደርስ ሰው ዓይኑን ይጠርጋል። በአንተ ስፒከር ግን ራቁቷን ወጣች። የመዘምራኑ ሙዚቃ አስጠኚ ባርኮት ኪቦርዱን ነካ ነካ አደረገና፣ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እዚህች ጋ እኮ ድምፅዎ ከኪው፣ ከትክክለኛው ቃና ወርዷል። እስከ ዛሬ ስህተቱን ይዘን ነው እንዴ የምንዘምረው?» አለ። ልጁ ክፋት የለውም፣ ሙዚቃ የተማረ ልጅ ነው፣ የሰማውን ተናገረ። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልፍ ይችል ነበር።

አንተ ግን ከበርገን ሆነህ ጮቤ ረገጥክ። ይኸው፣ እኔ ያልኩት ይሄንን ነው አልክ። ያ አሮጌ ሳጥን ይህን ያህል ዘመን ሲሸፋፍነው ነበር አልክ። ቀጥለህ በመዘምራኑ ሁሉ ፊት፣ «እማዬ፣ ለካ ፎልስ ታደርጊ ነበር» ብለህ ሳቅህ። ልጆቹም ሳቁ፤ አንተ ስለሳቅህ የተፈቀደ መስሏቸው ነው። እማዬ አልሳቀችም። ያችን ቦታ መልሳችሁ አሰሙኝ አለች። ሰማችው። አሁንም መልሱት አለች። ሳሎኑ መሃል ያችን ወንበር ይዛ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የሰው ስድብ እንደሚሰማ ሰው ነበር የምትሰማው። ከዚያ ተነሳችና፣ ከዛሬ ጀምሮ ባርኮት ያስይዛችሁ ብላ ጓዳ ገባች። እንግዶቹ ሲሄዱ ገብቼ ባናግራት፣ ሰው ያን ሁሉ ዘመን ሲያመሰግነኝ ለካ በይሉኝታ ነው አለችኝ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ እናትህ ዘምራ አታውቅም። ሽንኩርት ስትከትፍ እንኳ ማንጎራጎር የማይለያት ሴትዮ ጸጥ አለች። ቤቱ የእኛ ቤት መምሰሉን ተወ። እሁድ ከኋላ አግዳሚ ትቀመጣለች፤ ሰው ሲቆም ትቆማለች፣ ሰው ሲቀመጥ ትቀመጣለች፣ ከንፈሯ ግን አይንቀሳቀስም። ይህን በስልክ ነግሬህ ነበር። ምን አልከኝ? እውነቱን ማወቋ ምን ክፋት አለው፣ ትልቅ ሰው ናት፣ ትለምደዋለች አልክ። ቀጥለህ ስለ ጆሮና ስለ ልማድ ልታስረዳኝ ጀመርክ። ስልኩን የዘጋሁብህ ኔትወርክ ጠፍቶ አልነበረም።

እትዬ ማሚቱ ቆላ፣ ኦጎልቾ ቤታቸው ታመው ሲተኙ ጊዜው ይህ ነበር። ሐኪም ቤት መልሷቸዋል፤ እሳቸውም አውቀውታል። የሚበላ አላማራቸውም፣ የሚጠጣ አላሉም። ባለቤታቸው ጋሽ ገብረሥላሴ ደውለው ሃደ ነጋሳ መጥታ ያችን መዝሙር ትዘምርልኝ ትላለች አሉን። ልብ በል፣ ጎረቤቱም ወዳጁም ዛሬም እናትህን የነጋሳ እናት ብሎ ነው የሚጠራት፤ በስምህ ነው የምትኖረው። ይዣት ሄድኩ። እጃቸውን ይዛ ጸለየችላቸው፣ ግንባራቸውን ሳመቻቸው። በይ እንግዲህ ሲሏት ግን፣ ጉሮሮዬን አሞኛል፣ ሲሻለኝ እመለሳለሁ አለቻቸው። ጉሮሮዋን አላመማትም ነበር። እናታችን ስትዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

እንደገና ሰው ላኩባት። እኔም ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩባት። በዚህ ድምፅ ነው የሚሄድ ሰው የምሸኘው? አለችኝ። ፍላሹን ውሰጂና አሰሚያቸው አለችኝ። ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ በስልኬ ጭኜ ብቻዬን ሄድኩ። እትዬ ማሚቱ የመጀመሪያውን ስንኝ እንደሰሙ ዝጊው አሉኝ። ይህን አውቀዋለሁ፣ እኔም አለሁበት፣ እኔ የምፈልገው እሷን ነው አሉ። አፍሬ ተመለስኩ። እማዬን ልታያቸው እንኳ እንዳትሄድ ያደረጋት ነገር ያ ነው፤ ከሄደች ዘምሪ ይሏታል። ባል እስኪመጣ፣ ልጅ እስኪመጣ ይጠበቃል እንጂ መዝሙር ተጠብቆ ሲሞት እኔ አይቼ አላውቅም። እትዬ ማሚቱ ጠብቀው ጠብቀው አረፉ።

ቀብሩ ኦጎልቾ ነበር፣ በዚያ ሙቀት። መዘምራኑ ከአሰላ በሚኒባስ ወርደው ያችኑ መዝሙር ዘመሩ፣ ባርኮት ባስተካከለው ዜማ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ልጆቹ ከፍ አሉ፣ አሮጊቶቹ እንደለመዱት ዝቅ አሉ፣ መዝሙሩ መሃል ለመሃል ተሰነጠቀ። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየና ደነገጠ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ የቀብር መዝሙር አልሰማሁም። እማዬ መቃብሩ ጫፍ ላይ አፏን ገጥማ ቆማ ነበር። ጓደኛዋን አፈር ሲያለብሷት አንድ ቃል አልወጣትም።

ድንኳኑ ውስጥ ጋሽ ገብረሥላሴ መጥተው ከእማዬ አጠገብ ተቀመጡ። አልወቀሷትም፣ ቢወቅሷት ይሻል ነበር። ማሚቱ ከደጅ የባጃጅ ወይ የጋሪ ድምፅ በሰማች ቁጥር ልጆቹን ዝም በሉ፣ መጣች ትላቸው ነበር አሉ። ቀጥለው መልእክት አለኝ፣ ዜማው መለወጡን ማሚቱ ሰምታ ነበር አሉ። ያችን ቦታ ልጆቹ ከፍ እንዳያደርጓት ንገራት፣ ዝቅ ያልነው ለምን እንደሆነ እሷ ታውቃለች ብላኛለች አሉ። እኔ አልገባኝም ነበርና ጠየቅኳቸው። ዜማው መጀመሪያ ሲወጣ እዚያ ላይ ከፍ ይል ነበር። የሚጸለየው እነ ጋሽ ገብረሥላሴ ቤት ነው፣ መስኮቱ መንገድ ዳር ነው፣ የቀበሌው ጥበቃ በዚያ ያልፋል። ስለዚህ ያች ቦታ ስትደርስ እማዬና እትዬ ማሚቱ ተያይተው እኩል ድምፃቸውን ያወርዱ ነበር፣ ውጭ እንዳይሰማ። ሲወርድ ደግሞ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ፤ የሚንቀጠቀጠው ለዚያ ነው። ቤተክርስቲያኑ ሲከፈት ከፍ እናድርጋት ተብለው ነበር አሉ፣ ሁለቱም እምቢ አሉ፤ በዚያ ዘመን የታሰሩትን መርሳት መስሏቸው።

እማዬ ይህን ረስታው አይደለም። ጋሽ ገብረሥላሴ ሲናገሩ ፊቷን በነጠላ ሸፈነች። ታውቀው ነበር፣ ከማንም በላይ ታውቀው ነበር። ግን ባርኮት ሲነግራት፣ አንተም ስትስቅባት፣ ከራሷ ትዝታ ይልቅ መሣሪያውን አመነች። ልጄ ከውጭ አገር የላከው ዕቃ ይሳሳታል ብላ አላሰበችም። እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

አሁን አንተ ታስረዳኝ። ስፒከርህ ካሴቱ ላይ ያለውን አልጨመረም፣ አልቀነሰም፣ እሺ። ስለ ጥበቃው ግን ምን ያውቃል? ስለ መስኮቱ ምን ያውቃል? አባዬ ያን ሳጥን ሲሠራ ግን ያን ቤት ያውቀዋል፤ በሩ ሥር ቁጭ ብሎ ዘብ የሚቆምላቸው እሱ ነበር። ድምፃቸው ምን እንደሚመስል በጆሮው ይዞታል። ጣውላውን ሲልገው፣ ሲገጥም፣ አልመሰለኝም ብሎ ሲፈታ የከረመው ያንን ለማምጣት ነው። አንተ ውሸት ያልከው አባትህ ያስታወሰውን ነው። የተቀዳውን እንዳለ ማምጣት ትክክል ከሆነ፣ የተዘመረውን እንደተዘመረ ማምጣትን ምን ልትለው ነው? ለዚህ ግራፍ እንዳትልክልኝ።

ስፒከሮቹን ነቅዬ ለፈናን ሰጥቻታለሁ፤ ፊልም ታይባቸዋለች፣ ለፊልም ጥሩ ናቸው። ቡፌውና ወንበሩ ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። ባርኮት የነገሩን ምክንያት ሲሰማ ቤት መጥቶ እማዬ እግር ላይ ወደቀ። አንተ ምን አጠፋህ ብላ አነሳችው፣ ምሳ አበላችው። የጥር ወሩን ኮንፈረንስ እርስዎ ያስይዙን ብሎ ለመናት፤ ጭንቅላቷን ነቀነቀች እንጂ እሺ አላለችም።

ስፒከሮቹን በፍቅር እንደላክሃቸው አውቃለሁ፤ ከልጆችህ ጉርስ ላይ አንስተህ እንደገዛሃቸውም አውቃለሁ። ያ ንዴቴን አያበርደውም። ፍቅርህ ትንሽ አነስ ብሎ ጆሮህ ትንሽ ሰፋ ቢል ይሻለን ነበር። እኔን ይቅርታ እንድትጠይቀኝ አልፈልግም። እሷን ጠይቃት። ስትጠይቃት አታስረዳት፣ ግራፍ አትጥቀስ፣ «እኔ እንኳ ያልኩት» ብለህ አትጀምር። ያችን መዝሙር ዘምሪልኝ በላትና ዝም በል። እምቢ ትልሃለች። ነገ ደግሞ ደውል። እትዬ ማሚቱ ያን ያህል ከጠበቁ፣ አንተም ጠብቃት።

ለሄኒ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ እሷ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም፣ ስለ ወገቧ የጻፍኩት ከልቤ ነው። ነህምያንና ኤልሮኢን ጉንጫቸውን ሳምልኝ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እንዳይረሱ አናግራቸው። ብሩህ ሰላም ብሎሃል፤ ለሜትሩ ሥራ እሱም አፍሯል። ፈናን አጎቴ ናፈቀኝ ትላለች። ጋሽ ገብረሥላሴ ለነጋሳ ንገሩልኝ፣ ለቅሶ ስለደረሰኝ እግዜር ይስጠው ብለዋል።

እማዬን ምን ብዬ ልጻፍለት አልኳት። እናትህ ደህና ናት፣ ምንም አልጎደለባትም በይልኝ አለችኝ። ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌልሃለሁ፤ እውነት ግን አይደለም።

እህትህ ተስፋነሽ ዋቅቶላ
አሰላ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.